ቫዝሊን፣ ሎሽን ወይስ ግሊሰሪን? ለደሴ ብርድ የቱን ልግዛ ለምትሉ

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ፊቴ አመድ መሰለ፣ ምን ልቀባ?» «ተረከዜ ተሰነጣጠቀ፣ የቱ ሎሽን ይሻላል?» እህቴ ትጠይቃለች። የሥራ ጓደኞቼ ይጠይቃሉ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ ይጠይቃል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሴን ቀድሜ ልናገር፦ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ግዙ። ትንሽ ብር ከተረፋችሁ ግሊሰሪን ጨምሩ። ሎሽን ሁለቱ ካልተስማሟችሁ ብቻ።

ከዋጋው እንጀምር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሎሽን አይቀመስም። በቅርቡ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ስጠይቅ 400 ሚሊ ሊትሩ 1,200 ብር ተባልኩ። ጎን ያለው ሱቅ ያንኑ ሎሽን 1,350 አለኝ። 250 ሚሊ ሊትር ቫዝሊን ደግሞ 400 ብር። እናስላው እንግዲህ። ሎሽኑ በሚሊ ሊትር 3 ብር ይመጣል፣ ቫዝሊኑ 1 ብር ከ60። ያውም ሎሽን አብዛኛው ውሃ ነው። የደረቀ ሰውነት ጠዋት የተቀባውን ይጠጣና ረፋድ ላይ እንደገና ይነጣል። ጠዋትና ማታ መላ ሰውነቱን የሚቀባ ሰው ያን ጠርሙስ ወር ካደረሰው ቆጣቢ ነው። ቫዝሊን ግን ትንሽ ቆንጥሮ መዳፍ ላይ አሙቆ ማሸት ነው። በስሱ ለሚቀባ ሰው ሁለት ወር ይሄዳል። እኔ በወር 200 ብርና 1,200 ብር እያየሁ የሎሽኑ ጠርሙስ ስላማረ አልታለልም።

«ቫዝሊን ቀባሁ፣ ምንም አልሠራልኝም» የሚሉኝ አሉ። መቼ እንደቀቡት ስጠይቅ ሰውነታቸው ጭው ብሎ ከደረቀ በኋላ ነው። ቫዝሊን ራሱ ውሃ የለውም። ሥራው ከላይ ሸፍኖ ቆዳ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይተን ማገድ ነው። ስለዚህ ታጥባችሁ፣ በፎጣ ሳትፈትጉ ተጫን ተጫን አድርጋችሁ፣ ሰውነት ገና ርጥብ እያለ ቀቡት። በቀን አምስቴ ውዱእ የሚያደርግ ሰው እጁና እግሩ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ውሃው ብርድ ላይ ስለሚደርቅበት ነው። ከሶላት በኋላ ካልሲ ከማጥለቁ በፊት ውሃ ነካ አድርጎ ቢቀባ በሳምንት ውስጥ ለውጡን ያየዋል። በፈላ ውሃ መታጠብም ይቅር። ብርድ ነው ብለን የምናፈሰው ትኩስ ውሃ ያለንን ወዝ ጠርጎ ይወስደዋል።

አሁን ወደሚያናድደው ጉዳይ። ቫዝሊን ርካሽ ነው ስላልኩ 180 ብር የሚሉትን እንዳታነሱ። አንዲት ጓደኛዬ ከአንድ ሱቅ «የመጨረሻ ዋጋ ነው» ተብላ ገዛች። እቃው ኦርጅናል ነው፣ ጽሑፉም ኦርጅናል ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነገር። ጣት ላይ ሲታሽ እንደ ሻማ ፍርፋሪ ይላል፣ ሽታው ጋዝ ጋዝ ይላል። ከንፈሯ ላይ ሽፍታ ወጣ። ሱቁ መልሶ አልተቀበላትም፤ «ከፍተሽዋል» አላት። ሳይከፈት እንዴት ይታወቃል?

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ክዳኑ ዙሪያውን እዩት፤ ተነካክቶ ከሆነ ተዉት። የምርት ቁጥሩና ማብቂያ ቀኑ ጥፍር ሲነካው የሚለቅ ከሆነ ተዉት። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ እቃም አትግዙ። ከተቻለ ከፋርማሲ ውሰዱ፤ 30 እና 40 ብር ቢጨምርም ደረሰኝ ይዛችሁ የምትመለሱበት ቦታ አላችሁ። ግን ደግሞ ጠዋት ድርቅ ብሎ ስላገኛችሁት ብቻ ፎርጅድ ነው አትበሉ። ጦሳ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ቫዝሊኑ በጥር ጠዋት ቢጠጥርበት ብርዱ ነው። እጅ ላይ ሲሞቅ ያለ ፍርፋሪ ከለሰለሰ ደህና ነው። ሲያልቅም ባዶውን እቃ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ክዳኑን ስበሩት። ማን እንደሚሞላው አይታወቅም።

ግሊሰሪን ከሁሉም ርካሹ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ከፋርማሲ በ120 ብር ገዝቻለሁ። ግን እንዳለ አይቀባም። ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው፤ በደረቅ አየር ውሃ ካላገኘ ከራሳችሁ ቆዳ ይስባል። አንድ እጅ ግሊሰሪን ቀቅላችሁ ባቀዘቀዛችሁት ሦስት እጅ ውሃ በጥብጡት። ለጥቂት ቀን የሚበቃ ብቻ አዘጋጁ፤ ሲቆይ ይበላሻል። ማታ እሱን፣ በላዩ ስስ ቫዝሊን። ለእጅና ለተረከዝ ከዚህ የሚበልጥ የ1,200 ብር ሎሽን አላውቅም። ካልሲ አጥልቃችሁ ብትተኙ ይበልጥ ይጠቅማል። ቫዝሊን የጠጣ ጨርቅ ግን ቶሎ እሳት ይይዛል፣ ከከሰሉ ምድጃ ራቅ በሉ።

እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ይሻላል ይላሉ። ያለሰልሳል፣ አልክድም። በዛሬው የቅቤ ዋጋ ግን ወጡ ይቅደም። ደግሞ ቢሮ የሚውል ሰው ሽታውን ያስብ።

ሎሽን የሚያሸንፍባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ፊቱ ወዛም ሆኖ ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ቫዝሊኑን ለከንፈርና ለእጅ አድርጎ ፊቱን ሽታ የሌለው ቀላል ሎሽን ይቀባ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሞቃል። እዚያ ቀን ላይ ቫዝሊን ተቀብቶ መዋል ላብና አቧራ መሰብሰብ ነው።

ከሎሽን ጎን የሚደረደረውን «ለብርድም ለማዲያትም» የሚባል ቅልቅል ክሬም ግን በነፃ ቢሰጧችሁ አትንኩት። ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለ። መጀመሪያ ያበራል፣ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ስታቆሙት ፊት ይቀላል፣ ብጉር ይፈነዳል። ማዲያት ያለበት ሰው ገንዘቡን ለፀሐይ መከላከያ ያውጣ። ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የተኛች ይመስለናል እንጂ ከፍታ ላይ ጨረሩ ይበረታል።

ስንጥቁ ከደማ፣ መግል ከያዘ ወይም ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳ የእኔን ምክር ተዉት። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችን ነው፤ በቆዳ ሕክምና ድሮም የታወቀ ነው። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ ከነእቃው ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።