የእህቴን ልብ በትዕግሥት ላየችልን ባለሙያ

ታናሽ እህቴ ዳገት በወጣች ቁጥር ትንፋሽ ሲያጥራት «አስም ነው» እየተባለ ነው የከረመችው። ማን እንዳለው ልተወው። በመጨረሻ ከአጋሮ ጅማ ይዘናት መጣን፤ ሐኪሙ ደረቷን በማዳመጫው እንደሰማ ወዲያው ኢኮ፣ ማለትም ልብን በድምፅ ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ ምርመራ፣ አዘዘላት። ይህን የምጽፈው ኢኮውን የሠራችላትን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው የምትሠራው፤ ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች።

እህቴን በግራ ጎኗ አስተኛቻትና ደረቷ ላይ የሚቀባው ጄል እንደሚቀዘቅዝ አስቀድማ ነገረቻት። እናታችን ስለ ጨረሩ ስትጨነቅ በኦሮምኛ «ድምፅ ብቻ ነው እናቴ፣ ለእርጉዝም ይሠራል» አለቻት። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲፈራረቅ ግን እናቴ ክው አለች፤ ልጇ ውስጥ ውስጡን የምትደማ መስሏት። ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣው፣ ሰማያዊው ከመሣሪያው የሚርቀው ደም መሆኑን፣ ቀለሙን የሚሰጠው ኮምፒውተሩ እንደሆነ በእርጋታ አስረዳቻት። ከዚያ በግራ በኩል ካሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ቫልቭ፣ ደም የሚያልፍበትን በር፣ አሳየችን። ጫፍ ጫፉ ተጣብቆ፣ ማጠፊያው እንደዛገ በር ገርበብ ብቻ ይላል። የጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ የእህቴ 1.3 ነው። «ምቷ ስለሚዘበራረቅ በአንድ ምት አልፈርድም» ብላ ደጋግማ ለካች። ውጭ ወረፋው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ነበር፤ እርሷ አልተቻኮለችም።

አባታችን ደግሞ አጋጣሚውን ተጠቅሞ የራሱን ደረት እንድታይለት ጠየቃት። ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች መጥበባቸውን ኢኮ በቀጥታ እንደማያሳይ፣ ለእርሱ ሲቲ ስካን ወይም በእጅ አንጓ አለዚያም በብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ መድኃኒት ረጭቶ በራጅ ማየት እንደሚያስፈልግ ነገረችው። «መጀመሪያ ግን ሐኪም ይይዎት» አለችው። መሣሪያዋ የማይችለውን እንዲህ በግልጽ የምትናገር ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም።

የሕመሙ መነሻ በልጅነቷ ይመላለስባት የነበረው የጉሮሮ ሕመም፣ እኛ ቶንሲል የምንለው፣ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮናል። አሁን በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወስዳለች፤ ቫልቩን በፊኛ ስለ ማስፋትም እየተነጋገርን ነው።

ኢኮ የታዘዘላችሁ፣ በደረት ላይ ለሚሠራው መጾም አያስፈልግም። የቀድሞ ውጤት ካላችሁ ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ይህቺ ባለሙያ የድሮውን ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣ ነው የምታየው።