የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የአየር ማናፈሻ ግምገማ፦ ቬንትሌተሩ ጎበዝ፣ ወንፊቱ አስቸጋሪ

ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲዞር ከምድር ስበት አላመለጠም፤ እዚህ ካለው ወደ 90 በመቶው እዚያም አለ። ግን ጣቢያውም፣ ሰዎቹም፣ አየሩም አብረው ያለማቋረጥ ስለሚወድቁ ክብደት የለም። ክብደት ከሌለ ሞቃት አየር ወደ ላይ አይወጣም፣ ቀዝቃዛውም አይወርድም። ዕጣን ቢጨስ ጭሱ ጣሪያ አይፈልግም፣ ፍሙን ከቦ ይቀራል። የተኛ ሰው ትንፋሽም እንደዚያው ነው፦ የሚገፋው ነፋስ ከሌለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፊቱ ላይ ይከማችና ራሱን እያመመው ይነቃል።

ጣቢያው የአሜሪካና የሩሲያ ወገን አለው፤ በአሜሪካው ወገን ሰው በሚውልበት ቦታ የሚፈለገው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ ከ0.08 እስከ 0.2 ሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ አየር የማይደርስበት ጥግ ይፈጠራል፤ ከበለጠ ይበርዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቅመው መሣሪያ በየሞጁሉ (ጣቢያው በተገጣጠመባቸው ክፍሎች ሁሉ) ስላልተተከለ፣ በሞጁሎች መካከል ያሉት ቬንትሌተሮች በደቂቃ 4 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያሻግራሉ። በማደባለቅ በኩል ሥራው የሚመሰገን ነው። ጋዙ ራሱ በግፊት ሲለካ ምድር ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን ጣቢያው ውስጥ 2 እና 3 መድረሱ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን የቬንትሌተሩ ጥፋት አይደለም። ጣጣው ከለቃሚው ነው፦ ውስጡ ያለው ዚዮላይት (ጋዙን የሚይዘው ባለ ቀዳዳ ማዕድን) እየደቀቀ ብናኙ ቫልቮቹን ሲያስቸግር ኖሯል።

ነፋሱ የሚበላሸው በአብዛኛው ሰው መንገዱን ሲዘጋበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዲስከቨሪ መንኮራኩር የሄዱት ጠፈርተኞች ዛርያ በተባለው ሞጁል ሲሠሩ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ገጥሟቸው፣ ጥርጣሬው አየሩ በደንብ አለመዘዋወሩ ላይ ወደቀ። በ2000 በአትላንቲስ መንኮራኩር የተከተለው ቡድን እዚያው የአየሩን ፍሰት ለካ። ፓነል (የግድግዳ መሸፈኛ) ሲከፈት ነፋሱ አቋራጭ ያገኝና ሰው ያለበትን ቦታ ይዘለዋል፤ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ጥግ ላይ ከተጠጋጋ ደግሞ ይብስበታል። ፓነል ጀርባ ገብቶ የሚሠራ ሰው ተንቀሳቃሽ ቬንትሌተር ይዞ ነፋሱን ወደ ፊቱ ማዞር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ። ምድር ላይ ወለል የሚይዘው አቧራ እዚያ የሚያርፍበት የለውም። የልብስ ቃጫ፣ ፀጉር፣ የቆዳ ቅርፊት፣ ፍርፋሪ ሁሉ ነፋሱን ተከትሎ መምጠጫው ወንፊት ላይ ይለጠፋል። (የጠፋ እስክሪብቶም መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው፤ ይህ ሳይታሰብ የመጣ ጥቅም ነው።) ከወንፊቱ ኋላ ያለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን የሆነ ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል፤ ፊቱ ከተሸፈነበት ግን ምንም አይረዳም። ስለዚህ በየሳምንቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ፣ በቫኪዩም ይጠረጋል።

ሃርመኒ ሞጁል ውስጥ ያሉት አራቱ የመኝታ ጓዳዎች ናቸው በጣም የሚያስቸግሩት። እያንዳንዳቸው ቬንትሌተርና የፍሰት ሴንሰር አላቸው። ፍሰቱ ቀነሰ የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሞተሩን ከመጠርጠር በፊት መምጠጫውን ማየት ነው፤ ቃጫ የያዘው ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ ማለፍ ይቻላል፣ ግን ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል፤ ለመኝታ የተፈቀደው ደግሞ 49 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ከወንፊቱ አልፎ ቱቦው ውስጥ የገባውን ለማጽዳት ፓነል መፍታት ግድ ነው። የዲዛይኑ ትልቁ ድክመት ይህ ይመስለናል፦ ቶሎ ቶሎ የሚቆሽሸው ክፍል እጅ በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ተቀመጠ።

ለእሳት ግን ጥሩ ታስቦበታል። ጭስ ወደ ጣሪያ ስለማይወጣ ጠቋሚዎቹ ነፋሱ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ተተክለዋል፤ ጭስ ሲያገኙ የዚያ ሞጁል ቬንትሌተር በራሱ ይቆማል፣ እሳቱም ኦክስጅን የሚያመጣለት ያጣል።

በሩሲያው ወገን በክፍት በር መሐል የሚያልፉት ተጣጣፊ ቱቦዎች ርካሽና ለመጠገን ቀላል ናቸው። ነገር ግን በሩን በአስቸኳይ መዝጋት ቢያስፈልግ መጀመሪያ መነቀል አለባቸው፤ አዲስ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ቱቦውን ግድግዳ ውስጥ ቢያሳልፈው እንመርጣለን።