ካሴት ወደ ላፕቶፕ፦ ትንሿ ማጫወቻ ወይስ የአባቴ ቴፕ?

ድሬዳዋ በሚገኘው የአባቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አገኘሁ፤ ከመካከላቸው የአክስቴ ሠርግ የተቀዳበት ይገኛል።

መጀመሪያ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ማጫወቻ ገዛሁ። ርካሽ ነው፤ ሰክቶ መቅዳት ብቻ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ ሲገባው ግን ይኼኛው አንዴ ያዘግማል፣ አንዴ ይሮጣል። የሠርጉ እልልታ የፍየል ጩኸት መሰለ።

ወደ አባቴ ቴፕ ዞርሁ። በቴፑ ሞተር ላይ የሚዞረውን የላላ ጎማ መጋላ ሰፈር ወስጄ አስቀየርሁ። ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል በራሰ ጥጥ ስጠርገው ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ የስንት ዓመት ዝገት ይሆን! ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ላፕቶፕ ገመድ ዘረጋሁ። የብዙ ላፕቶፖች የማይክሮፎን ቀዳዳ ሞኖ (አንድ የድምፅ መስመር ብቻ የሚቀበል) ስለሆነ ለስቴሪዮ (ለግራና ቀኝ ድምፅ) ትንሽ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ መጨመር ግድ ነው። ኦዳሲቲ የተባለው የመቅጃ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል።

በጊዜ በኩል ልዩነት የለም፦ የ60 ደቂቃ ካሴት በሁለቱም 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ ዌቭ በተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ሳይታመቅ ሲቀመጥም 600 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። እኔ ቴፑን መርጫለሁ። ትንሿን ማጫወቻ የእህቴ ልጅ ወስዶ ፈታታት።