ለዒላማም ለአደንም አንድ ጠመንጃ፦ 6.5 ክሪድሞር ወይስ .308?

"አንድ ጠመንጃ ብቻ ነው የምገዛው። ቅዳሜ ቅዳሜ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ (ሬንጅ) ሄጄ ዒላማ ልተኩስበት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ አጋዘን ላድንበት። የትኛው ካሊበር ይሻለኛል?" ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ ካሉ ወገኖች ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ካሊበር ማለት ጠመንጃው የሚተኩሰው የጥይት ዓይነትና ውፍረት ነው። መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ለአብዛኛው አዲስ ገዢ 6.5 ክሪድሞር ይሻላል። ዋናው ሐሳባችሁ ኤልክ (ግዙፉ የአጋዘን ዘመድ) ከሆነ፣ ወይም ጥይቱ የትም ትንሽ ከተማ ውስጥ እንዲገኝ ከፈለጋችሁ .308 ዊንቸስተር ያዙ። ሌሎቹን የምመክረው የተለየ ምክንያት ላለው ሰው ብቻ ነው።

ካሊበር ከማማረጣችሁ በፊት ግን የምታድኑበትን ስቴት ሕግ እዩ። ኮሎራዶ ውስጥ ለትልልቅ የዱር እንስሳት የሚፈቀደው ጠመንጃ ቢያንስ .24 ካሊበር፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አረሩ (ከጥይቱ ተተኩሶ የሚወጣው ክፍል) ሲመታ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት፤ ክብደቱም ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን (15 ግሬን አንድ ግራም ገደማ ነው)፣ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬን ነው፤ 100 ያርድ (90 ሜትር ገደማ) ላይ ደግሞ 1,000 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ .223 ሬሚንግተን ሬንጅ ላይ የቱንም ያህል ርካሽና ደስ የሚል ቢሆን እዚህ ለአጋዘን አይሆንም። ቨርጂኒያም ለአጋዘን ከ.23 በታች ስለማትፈቅድ እዚያም አይሠራም። ኮሎምበስ ኦሃዮ ያላችሁ ደግሞ ነገራችሁ ሌላ ነው፤ እዚያ አጋዘን በጠመንጃ የሚታደነው ቀለሁ ቀጥ ባለ፣ አንገቱ ባልጠበበ ጥይት ስለሆነ 6.5ም .308ም ከጨዋታ ውጪ ናቸው፣ .350 ሌጀንድን የመሰሉትን ነው ማየት ያለባችሁ። ካሊፎርኒያ ከ2019 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እርሳስ ያለበትን ጥይት ለአደን ከልክላለች።

ስለ ወረቀትም አንድ ነገር ልበል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ላለ ሰው ግን መግዛትም መያዝም በመሠረቱ ክልክል ነው። የስቴት የአደን ፈቃድ ለያዘ ሰው የተተወ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱን ግን የጓደኛ ወሬ ሰምታችሁ እንዳትሞክሩት፣ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ። እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ከ1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው በመሠረቱ የአዳኞች ትምህርት ሳይወስድ የአደን ፈቃድ አያገኝም።

አሁን ወደ ሁለቱ እንምጣ። .308 በ1952 ነው የወጣው። የኔቶ ወታደራዊ ጥይት የ7.62 በ51 የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ለአሥርት ዓመታት በወታደርም፣ በፖሊስም፣ በአዳኝም እጅ ሲፈተን ኖሯል። 6.5 ክሪድሞርን ሆርናዲ የተባለው ጥይት አምራች ያወጣው በ2007 ሲሆን፣ ገና ሲታሰብም ለዒላማ ውድድር ተብሎ ነው። የአረሩ ውፍረት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የ.308 ደግሞ 7.8። ቀጠን፣ ረዘም ያለ አረር አየሩን በደንብ ይሰነጥቃል። የሁለቱ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ልዩነት በደንብ የሚታየው ነፋስ ላይ ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከጎን ሲመጣ፣ 168 ግሬን የ.308 አረር 500 ያርድ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይገፋል። 140 ግሬኑ 6.5 ግን 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚገፋው። የኮሎራዶ ምሥራቃዊ ሜዳ ላይ የተኮሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ነፋሱ ቆም ብሎ አያውቅም፣ አቅጣጫውንም ሳታስቡት ይቀይራል፣ እናንተ ደግሞ ገምታችሁ ነው የምትተኩሱት፣ ግምታችሁ ትንሽ ሲሳሳት 6.5 ይቅር የሚላችሁን .308 አይምራችሁም። አጋዘን ግን ብዙ ጊዜ የሚመታው ከ200 ያርድ ወዲህ ነው። እዚያ ርቀት ላይ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ነፋሱ ለዒላማ ተኳሽ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ለአዳኝ ደግሞ ትንሽ።

ለዒላማም ለአደንም እኩል ወሳኙ ነገር ርግጫው፣ ማለትም ጠመንጃው ሲተኮስ ትከሻን የሚመታበት ኃይል ነው፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማየው እሱን ነው። 3.6 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ 6.5 ክሪድሞር 12 ወይም 13 ፉት ፓውንድ ገደማ ይራገጣል፣ .308 ደግሞ 17 ወይም 18። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ለአንድ ሁለት ጥይት ልዩነቱ ላይሰማችሁም ይችላል፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስትተኩሱ ግን ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ትከሻ የተመታ ሰው ደግሞ ሳይታወቀው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰደፉን ይገፋል፣ አረሩም ዝቅ ብሎ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ ልማድ አንዴ ከያዘ ለማስለቀቅ መከራ ነው። "ጉልበት ያለውን ስጠኝ" ብሎ ትልቁን ገዝቶ በዓመት አንድ ፓኬት የማይጨርስ ሰው ብዙ ነው። እንስሳው የሚወድቀው በትክክለኛው ቦታ ሲመታ ነው፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ መምታት ደግሞ በልምምድ ይመጣል፣ ልምምዱን እንድትወዱት የሚያደርግ ጠመንጃ ነው መግዛት ያለባችሁ። ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ በአንድ ጠመንጃ የምትለማመዱ ከሆነማ 6.5ን ያለማመንታት ውሰዱ።

ታዲያ .308 የሚበልጠው የት ላይ ነው? አንደኛ ኤልክ ላይ። ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ የሚያልፍ ግዙፍ እንስሳ ነው፣ አጥንቱም ወፍራም ነው። 180 ግሬን የ.308 አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ 2,700 ፉት ፓውንድ ገደማ ጉልበት አለው፣ 143 ግሬኑ 6.5 ግን 2,300። በ6.5 ኤልክ አይታደንም ማለቴ አይደለም፣ ብዙ ሰው ያድንበታል። ግን ጠንካራ አረር፣ በተለይ ሙሉ መዳብ የሆነውን ምረጡ፤ ከ300 ያርድ በላይ ያለውን እለፉት፤ እንስሳው ጎኑን እስኪሰጣችሁ ጠብቁ። በ.308 ትንሽ ሰፋ ያለ ዕድል ይኖራችኋል።

ሁለተኛ በርሜሉ ነው። የ.308 በርሜል 5,000 ጥይትና ከዚያም በላይ ትክክለኛነቱን ይዞ ይቆያል። የ6.5 ከ2,000 እስከ 3,000 ጥይት ባለው ጊዜ ውስጥ ለውድድር የሚበቃ ጥራቱን ማጣት ይጀምራል። ለአዳኝ ይህ የዕድሜ ልክ ያህል ነው፤ በየሳምንቱ መቶ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ግን ሌላ ወጪ ነው። ሦስተኛ ጥይቱ። ርካሽ የልምምድ ጥይት ለ.308 በብዛት አለ፣ ያረጀ የገጠር ሱቅ መደርደሪያ ላይም አታጡትም። 6.5 ዛሬ በየትልቁ ሱቅ አለ፣ ርካሹ ዓይነት ግን ያንን ያህል አይደለም።

ጥይት ካነሳን አዳዲስ ገዢዎች በጣም የሚሳሳቱበትን ልንገራችሁ። ለውድድር የተሠራ አረር ለአደን አይሁን። ወረቀት ላይ አንድ ሳንቲም በሚያህል ቦታ ሦስት ጥይት ስላስገባላችሁ አጋዘን ላይም ድንቅ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሳይከፈት ሰንጥቆ ያልፋል፣ አንዳንዱ ላይ ላዩን ይበተናል፣ እንስሳውም ቆስሎ ያመልጣል። የቆሰለ እንስሳ ጫካ ውስጥ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጥይት ያስፈልጋችኋል፣ እነሱ ደግሞ አንድ ቦታ አይመቱም። በልምምድ ጥይት ያስተካከላችሁትን ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ይዛችሁ በአደን ጥይት ብትተኩሱ 100 ያርድ ላይ ብዙ ሳንቲ ሜትር ሊያስታችሁ ይችላል። የአደን ወቅት ሲቃረብ በምታድኑበት ጥይት ስኮፑን እንደገና አስተካክሉ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልና ልለፍ። .243 ዊንቸስተር በርግጫ ከሁሉም የለዘበ ነው። ለአጋዘን ይበቃል፣ ለወጣት ወይም ትከሻው ለሚያመው ሰው እመክረዋለሁ፣ ኤልክ ግን አታድኑበት። .270 በ1925 የወጣ ምርጥ የተራራ አዳኝ ነው፤ ሆኖም ለውድድር የሚሆን ጥይት ስለሌለው ማለት ይቻላል፣ ዒላማው ክፍል ላይ ይቀራል። .30-06 ከ1906 ጀምሮ ያልሠራው ሥራ የለም፣ ኤልክ ላይም ከ.308 ትንሽ ይበልጣል፣ በርግጫም ይበልጣል። ከሰው በስጦታ ካገኛችሁት ደስ ብሏችሁ ተኩሱበት፣ ሌላ መግዛት አያስፈልጋችሁም። አዲስ ለምትገዙ ግን ለሬንጅ ይከብዳል።

ሥጋውን ቤት የምትወስዱ ከሆነ፣ የምትወስዱም ይመስለኛል፣ መዳብ አረርን በቁም ነገር አስቡበት። እርሳስ ያለበት አረር እንስሳው ውስጥ ሲበተን ዓይን የማያየው ብናኝ ከቁስሉ ራቅ ብሎም ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ደግሞ እርሳስ ክፉ ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል ትንሽ ዝቅ ያለ ግሬን ምረጡ፦ ለ6.5 ከ120 እስከ 130፣ ለ.308 ከ150 እስከ 165። አጋዘንም ኤልክም የሚያመሰኩ፣ ሰኮናቸው ስንጥቅ የሆነ እንስሳት ናቸውና በእኛ ቤት የሚበሉ ናቸው። ጥሬውን ክትፎ ግን ተዉት። የዱር ሥጋ በደንብ ይብሰል። አደኑ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከወጣላችሁ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል፣ ለዚያ የሚሆን ቦታ ከወዲሁ አዘጋጁ።

ጠመንጃውን በተመለከተ፣ እንደ ምንሽር በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ይሁን። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በደንብ ይመታል። ሩገር አሜሪካን በዝቅተኛ ዋጋ ጥሩ ነው፣ ገንዘቡ ካላችሁ የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ይሻላል፤ ሁለቱም በሁለቱም ካሊበር ይገኛሉ። ስኮፑን ጨምሮ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ የሚመዝነውን ውሰዱ፤ ከዚያ ከቀለለ ሬንጅ ላይ ይራገጣችኋል፣ ከዚያ ከከበደ ተራራው ላይ ያስመርራችኋል። ካላችሁ ገንዘብ ላይ ቢያንስ የ200 ጥይት ዋጋ ቀንሳችሁ አስቀምጡ፣ የተረፈውን ለጠመንጃውና ለስኮፑ አካፍሉት። የሚቆለፍ ሳጥንም እዚያው ግዙ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ጥይቱን ለብቻው ቆልፉበት።