ልጄን «ሁልጊዜ» ከማለት ላስተወቻት አማካሪ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ወር አመነታሁ። የተከፈለበት ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው። አልተከፈለኝም፤ እንዲያውም ከፋይዋ እኔ ነኝ።

የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። የሒሳብ ፈተና ወድቃ መጣች። አንድ ፈተና! እሷ ግን «ሁልጊዜ እወድቃለሁ፣ ምንም አይሳካልኝም፣ ደደብ ነኝ» ብላ በሯን ዘጋች። እኔም የማውቀው «አይዞሽ፣ ያልፋል» ማለት ነውና እሱኑ ደጋገምኩት። አንድ ማታ «እማ፣ አይዞሽ ስትይኝ ይብስብኛል» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። አንድ የማነቃቂያ ስልጠናም ወስጃት ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ «እችላለሁ!» እያሉ ሲጮኹ ቆዩ። ያመጣችው ለውጥ ጉሮሮዋ መዘጋቱ ብቻ ነው።

ይህችን የወጣቶች አማካሪ ያገኘናት በሰው በሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የማበረታቻ ቃል አልተነፈሰችም። ልጄ ያለችውን እንዳለ ወረቀት ላይ አስጻፈቻትና «እውነት ያልሆነው ቃል ስር አስምሪ» አለቻት። ልጄ ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ሁልጊዜ» ስር አሰመረች። ባለፈው ሴሚስተር አልፋ የለ? ቀጥሎ «ምንም» ስር አሰመረች፤ ስዕል ላይ ጎበዝ ናት። «ደደብ» ጋ ስትደርስ እርሳሱ ቆመ። እሱን ለመሻገር ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ በቦታው የጻፈችው «ማጥናት የጀመርኩት በዋዜማው ነው» የሚል ነበር።

አማካሪዋ ነገሩን ከየት እንዳገኘችው አልደበቀችንም። ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በውሾች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ከኤሌክትሪክ ንዝረት ማምለጥ እንደማይችሉ ያዩ ውሾች፣ በኋላ ማምለጫ ቢኖራቸውም ብዙዎቹ ተኝተው ንዝረቱን ይቀበሉ ነበር። (ለውሾቹ አንጀቴ ተላወሰ።) ሴሊግማን በኋላ ወደ ሰው ዞረ። ክፉ ሲገጥመን ለራሳችን የምንሰጠውን ምክንያት አጠና። ይህ ነገር ዘላቂ ነው ወይስ ያልፋል? ሕይወቴን በሙሉ ይነካል ወይስ ይህችን አንድ ነገር ብቻ? ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው? ልጄ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አሁን በቃሏ ትላቸዋለች።

አማካሪዋ ጥፋትን አታስክድም፤ ይህን ነው የወደድኩላት። «መልካም መልካሙን አስቢ» ብላም አትሸኝም። ልጄ «በሚቀጥለው ጥሩ አመጣለሁ» ስትላት «ምን ያሰናክልሻል?» ብላ ጠየቀቻት። «ስልኬ።» «እና የት ታስቀምጪዋለሽ?» ይኸው በፈተና ሰሞን ስልኩ እኔ ጋ ያድራል። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ቤቱ ይናወጥ ነበር።

ሁሉ ነገሯ ተመችቶኛል አልልም። ወላጅ ክፍል ውስጥ አታስገባም፤ መጀመሪያ በዚህ ተቀይሜ ነበር። ቀጠሮዋም ይርቃል። ግን ታማኝ ናት። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ የከለከለ ከሆነ «ይህ የእኔ ብቻ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ይየው» ትላለች።

ልጄ በቀጣዩ ፈተና 58 አመጣች። ተአምር አይደለም። «የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ሰዓት አለቀብኝ» ብላ ቦርሳዋን አስቀመጠች። በሯን አልዘጋችም።

አማካሪዋ ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች እዚህ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የፈተና ሰሞን ሳይደርስ ቢሆን ይሻላል፤ ያኔ ቀጠሮ አይገኝም።