የተቆጠረው ያርድ እና ያልተቆጠረው

በአሜሪካ ፉትቦል ዋናውን የፕሮፌሽናል ሊግ ኤንኤፍኤልን ከተገዳደሩት ሊጎች ሁለቱን፣ ኤኤፍኤልንና ዩኤስኤፍኤልን፣ ላነጻጽር።

ኤኤፍኤል እ.ኤ.አ. በ1960 ተጀምሮ በ1970 ከኤንኤፍኤል ጋር ተዋሃደ። ቁጥሮቹም አብረው ገቡ። ጆ ኔማዝ በኤኤፍኤል ሲጫወት በ1967 በቅብብል ያስመዘገበው 4,007 ያርድ ዛሬም በኤንኤፍኤል መዝገብ ላይ አለ።

ዩኤስኤፍኤል ግን ከ1983 እስከ 1985 ብቻ ቆየ። የሚያሳዝነው እዚህ ጋ ነው። ኸርሸል ዎከር በዚህ ሊግ በ1985 ኳስ ይዞ 2,411 ያርድ ሮጠ። በኤንኤፍኤል የአንድ የውድድር ዘመን የሩጫ ክብረ ወሰን የኤሪክ ዲከርሰን 2,105 ነው። እርግጥ ዎከር 18 ጨዋታ ተጫውቷል፣ ዲከርሰን 16። ለየጨዋታው ስናካፍለው ግን ዎከር 134 ገደማ፣ ዲከርሰን 132 ገደማ ይደርሳቸዋል። ያም ሆኖ የዎከር ሩጫ በኤንኤፍኤል አይቆጠርም። እንዲህ ያለውን ቁጥር እንዳይረሳ የሚያደርጉት የጋዜጣ ቁራጭና የቪዲዮ ካሴት ያስቀመጡ ደጋፊዎች ናቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ልቤ ከእነሱ ጋር ነው።