የጉሊቨር ጉዞዎች፣ ሙሉውና ማብራሪያ ያለው እትም፦ ከ5 ኮከብ 4

የጆናታን ስዊፍትን ጉሊቨር አውቀዋለሁ የሚለው አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ለልጆች ያሳጠሩትን ነው፣ ትንንሽ ሰዎች በክር ያሰሩት ሰውዬ ምናምን፣ በቃ። ይሄ ግን 4ቱም ክፍል ሳይቆረጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1726 ለንደን ላይ መጀመሪያ ሲወጣ አሳታሚው ፈርቶ ነካክቶት ነበር፣ ይሄኛው የተከተለው የ1735ቱን የደብሊን እትም ነው፣ ልዩነቱንም ያሳያል።

እኔ የገዛሁት ግን ለማብራሪያው ነው፣ በተለይ ከመጽሐፉ አምልጠው እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡትን ስሞች እየተከተለ የሚያሳይበት ቦታ አሪፍ ነው። አንድ ትልቅ መንግስት በጥቃቅን ህግና ፎርም ተተብትቦ መላወስ ሲያቅተው በሊሊፑቶች (በነዛ ትንንሽ ሰዎች) የታሰረ ጉሊቨር ይሉታል፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅም ይገባዋል። ሊሊፑሽያን ራሱ ዛሬ ሚጢጢ የሆነ ነገር ሁሉ መጠሪያ ነው። ያሁ ደግሞ 4ኛው ክፍል ላይ አስተዋይ ፈረሶች የሚገዟቸው ቆሻሻ ሰው መሳይ ፍጥረቶች ናቸው፣ ከዛ ባለጌና ያልተገራ ሰው መጥሪያ ሆነ፣ እነ ጄሪ ያንግ ይሄን እያወቁ ነው ዌብሳይታቸውን ያሁ ያሉት ኧረ እንዲያውም ትርጉሙን ወደውት!

ከሁሉም የገረመኝ የኮምፒውተሩ ነው። የትንንሾቹ ሰዎች አገር ሊሊፑት ውስጥ እንቁላል በሰፊው ጫፍ ነው በሹሉ የሚሰበረው ብለው ሰው እስኪሞት ይጣላሉ አይደል፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ዳኒ ኮኸን የሚባል የኮምፒውተር ሳይንቲስት ባይቶች (ኮምፒውተር ዳታ የሚይዝባቸው ትንንሽ ቁራጮች) ከየትኛው ጫፍ ይጀመሩ በሚለው ጭቅጭቅ ላይ ሲጽፍ የሁለቱን ጎራ ስም ከዚህ ወሰደ፣ ይኸው ፕሮግራመሮች እስካሁን ቢግ ኤንዲያን (ከትልቁ ጫፍ ጀማሪ) ሊትል ኤንዲያን (ከትንሹ ጫፍ ጀማሪ) ይላሉ፣ ስንቱ ከየት እንደመጣ ያውቃል?

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ማብራሪያውን ሁሉ መጨረሻ ላይ ስለከመሩት ነው፣ ጣት አንዱ ገጽ ላይ ጣት ሌላው ላይ እያደረጉ ማንበብ ያደክማል፣ ፊደሉም ሊሊፑሽያን ነው። 3ኛው ክፍል በራሱ ይጎትታል እሱ የስዊፍት ጥፋት ነው።

ለልጅ ስጦታ ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ፣ ጉሊቨር የሊሊፑቶቹን ቤተመንግስት እሳት በምን እንዳጠፋው አንብቡና ወስኑ። ለራሳችሁ ከሆነ ኢቡኩን ውሰዱ፣ ማብራሪያው ነካ ሲያደርጉት እዛው ይከፈታል።